የት አገኛችሁት?

ዘጠነኛ ክፍል ሳለን እንግሊዝኛ የሚያስተምሩን አንድ እንግሊዛዊ ነበሩ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ሻይ ያለ ስኳር የሚጠጡ ሰው። ክፍላችን ውስጥ ደግሞ አንድ አሮጌ ዲክሽነሪ ነበር፤ ሽፋኑ በፕላስተር የተያያዘ፣ የመጀመሪያዎቹ ገጾች የጎደሉት። ሦስት ሆነን በምሳ ሰዓት አንድ ከባድ ቃል እንመርጥና ከሰዓት በኋላ መምህሩን እናጠምዳቸዋለን። ነገሩ ጨዋታ ይምሰል እንጂ ውስጡ ቅናት ነበረበት። እኛ ሃያ ቃል ለመሸምደድ ሌሊቱን ስንታገል እሳቸው ቋንቋውን ከእናታቸው ጡት ጋር ጠብተው የጨረሱት ይመስለን ነበር።

አንድ ቀን ታዲያ ያዝናቸው። "ቲቸር፣ ኒክቴት ምን ማለት ነው?" አልናቸው። ዓይናቸውን ሁለት ሦስቴ አርገበገቡና "አላውቀውም" አሉ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ፤ ምክንያቱም ቃሉ ዓይን ማርገብገብ ማለት ነው። እሳቸው ግን አላፈሩም። "የት አገኛችሁት?" ብለው ጠየቁን። ከዲክሽነሪ አልናቸው። "እሱማ ገባኝ። ማን ሲለው ሰማችሁ? ምን ሲነበብ አያችሁት?" አሉ። መልስ አልነበረንም። ሳምንቱን ሙሉ በየደረጃው "በገዛ ቋንቋቸው ወደቁ" እያልን ስናወራ ከረምን፤ ጥያቄያቸውን ግን ልብ ያለው አልነበረም። ይህ ምዕራፍ የሚዞረው በዚያ ጥያቄ ዙሪያ ነው።

በእንግሊዝኛ አፉን የፈታ ሰው ስንት ቃል ያውቃል? መልሱ ምን እንደ አንድ ቃል በምንቆጥረው ላይ ይወሰናል። "ሄደ"፣ "ትሄዳለች"፣ "መሄድ" አንድ ናቸው ወይስ ሦስት? በቤልጅየም የጌንት ዩኒቨርሲቲው ማርክ ብሪስባርትና ባልደረቦቹ በ2016 (በዚህ ምዕራፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ባወጡት ጥናት እንዲህ ያሉትን ርቢዎች አንድ ላይ ቆጥረው፣ የ20 ዓመት አሜሪካዊ በአማካይ 42,000 ያህል ቃላት ያውቃል ብለዋል። ከዝቅተኞቹ ተርታ ያለው 27,000፣ ከከፍተኞቹ ተርታ ያለው ደግሞ 52,000 ገደማ። ማወቅ ሲሉ ግን አጥርቶ መተርጎም ማለታቸው አይደለም፤ "እንዲህ የሚባል ቃል እንዳለ አውቃለሁ" ማለት ብቻም ይቆጠራል።

ቁጥሩን በዕድሜው ቀናት እናካፍለው። ሃያ ዓመት 7,300 ቀን ነው። ከተወለደበት ዕለት ጀምሮ፣ ሲታመምም ሲተኛም ጭምር፣ በቀን ወደ ስድስት የሚጠጋ ቃል ይዟል ማለት ነው። ይህን ያህል ማን አስተማረው? አስተማሪ ተፍ ተፍ ብሎ በዓመት ጥቂት መቶ ቃላት ቢያስይዝ ትልቅ ሥራ ሠርቷል። ከሃያ ዓመት በኋላም አይቆምም፤ እነ ብሪስባርት እንዳሰሉት እስከ 60 ዓመቱ ሌላ 6,000 ይጨምራል። በየሁለት ሦስት ቀኑ አንድ መሆኑ ነው። ያ ሰው ግን "ዛሬ ምን ቃል ያዝክ?" ቢባል ግራ ይገባዋል።

ከሕፃንነቱ እንጀምር። ሱዛን ኬሪና ኤልሳ ባርትሌት የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች በ1978 ላሳተሙት ጥናት አንድ ሙአለ ሕፃናት ገቡ። የሦስትና የአራት ዓመት ልጆች ናቸው። አስተማሪዋ በጨዋታና በመክሰስ መሐል አንዱን ልጅ ጠርታ ሁለት ትሪ ታሳየዋለች። አንደኛው ትሪ ልጁ ስሙን አሳምሮ የሚያውቀው ቀለም አለው፤ ሌላኛው ወይራማ አረንጓዴ ነው። "ክሮሚየሙን ትሪ አምጣልኝ" ትለዋለች፤ የሌላኛውን ቀለም ስም ጠርታም "እሱን ሳይሆን ክሮሚየሙን" ትላለች። ክሮሚየም የብረት ስም ነው፤ ልጆቹ ግን ሰምተውት አያውቁም። ማንም ቁጭ አድርጎ ትርጉሙን አልነገራቸውም። ልጁ ትሪውን ያመጣል፣ ነገሩ ያልፋል።

ከቀናት በኋላ ልጆቹ ሲፈተኑ ብዙዎቹ ከዚያች ቅጽበት አንዳች ነገር ይዘው ቀርተዋል። አንዳንዱ "ክሮሚየም የቀለም ስም ነው" እስከማለት ደርሷል፤ አንዳንዱ ያ ወይራማ ቀለም አረንጓዴ እንደማይባልና ሌላ ስም እንዳለው ብቻ ገብቶታል። አጥርቶ የያዘው ግን ጥቂት ነው። ይህ ጥናት ሲወሳ ብዙ ጊዜ የሚነገረው የመጀመሪያው ግማሽ ነው፤ ልጅ አንድ ጊዜ ሰምቶ ይይዛል ይባላል። እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ ሁለተኛው ነው። ልጁ በአንድ ጊዜ የያዘው ቃሉን ሳይሆን የቃሉን ቦታ ነው። ምን እንደሚቀመጥበት ሳያውቅ መደርደሪያው ላይ ክፍት ቦታ ትቶለታል። ቦታው እስኪሞላ ወራት ይፈጃል።

መሙላቱን ከሁሉ ቀርቦ ያየው የአሜሪካው ኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ደብ ሮይ ሳይሆን አይቀርም። ሮይ ወንድ ልጁ ሲወለድ ቤቱን በሙሉ 11 ካሜራና 14 ማይክሮፎን ጣሪያው ላይ ገጠመበትና የልጁን የመጀመሪያ ሦስት ዓመታት ቀዳ። 90,000 ሰዓት ምስል፣ 140,000 ሰዓት ድምፅ። ከዚያ ክምር ውስጥ በጣም የታወቀው 40 ሰከንድ ያህል የሚፈጅ ቅንብር ነው፤ ልጁ ውሃን "ጋጋ" ከማለት ተነሥቶ በስድስት ወር ገደማ ውስጥ "ዋተር" ወደ ማለት ሲደርስ ይሰማል። ጋጋ፣ ጋጋ፣ ዋጋ፣ ዋተ… አንዳንድ ቀን ወደፊት ይሄድና በማግስቱ ወደኋላ ይመለሳል። ዘመድ ሁሉ የሚያውቀው ነገር ነው፤ ግን ማን ቀድቶ ያውቃል?

በ2015 የወጣው የዚሁ ፕሮጀክት ጥናት ግን ከጋጋ የበለጠ ነገር አለው። አንድን ቃል ልጁ ቶሎ እንዲናገረው የሚያደርገው ምንድን ነው? ድግግሞሽ ይረዳል። ይበልጥ የረዳው ግን ቃሉ የራሱ ስፍራ፣ የራሱ ሰዓት፣ የራሱ ወሬ ያለው መሆኑ ነው። እንደ ቁርስ ያለ ቃል ጠዋት፣ ገበታ ላይ፣ ስለ ምግብ ሲወራ ይመጣል። ቤቱን ሁሉ ከሚዞር ቃል ይልቅ አድራሻ ያለው ቃል ቀድሞ አፍ ይገባል። መምህራችን "የት አገኛችሁት?" ያሉት ለካ የሕፃን ልጅ ጥያቄ ነበር።

ስለ አድራሻ ካነሣን የእህቴን ልጅ ላምጣት። ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ተወልዳ ያደገች ናት። እንግሊዝኛዋ ከጎረቤቶቿ ልጆች እንግሊዝኛ አይለይም፤ በትምህርቷም ከፊት ረድፍ ነበረች። ኮሌጅ ገብታ ከሦስት ልጆች ጋር ቤት ስትጋራ አንድ ማታ ሾርባ ሠርተው "ሌድሉን አቀብይኝ" ትላታለች አንዷ። ቆማ ቀረች። ጭልፋ ማለት ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ጭልፋን ጭልፋ ብቻ ስትል ኖራለች፤ ወንፊትንም፣ ሙቀጫንም እንዲሁ። ፎቶሲንተሲስን በእንግሊዝኛ ታስረዳሃለች፤ የእናቷ ኩሽና ውስጥ ግን እንግሊዝኛ ገብቶ አያውቅም። "አክስቴ፣ አሜሪካዊ መሆኔን ተጠራጠሩ እኮ" ብላ በስልክ ስትስቅብኝ ትዝ ይለኛል። አፍ የፈታንበት ቋንቋም ቢሆን የሚሞላው በገባበት ክፍል ልክ ነው።

ከወሬ የሚገኘው ቃል ግን ቶሎ ያልቃል። ይህን በቁጥር ያሳዩት ዶናልድ ሄይስና ማርጋሬት አህረንስ ናቸው፤ 1988። በእንግሊዝኛ ከሚዘወተሩት 10,000 ቃላት ውጭ ያለውን ቃል ሁሉ "ብርቅ" ብለው፣ ከየሺው ቃል ስንቱ ብርቅ እንደሆነ ቆጠሩ። ኮሌጅ የጨረሱ አዋቂዎች ከወዳጆቻቸው ጋር ሲጨዋወቱ 17 ገደማ። በማታው የቴሌቪዥን ድራማ 23 ገደማ። ለልጆች በተጻፈ መጽሐፍ ግን 31 ገደማ። የጋዜጣው ደግሞ 68። እንግዲህ ሁለት ጠበቆች ቢራ ይዘው ከሚያወሩት ይልቅ አንድ የአሥር ዓመት ልጅ አልጋው ላይ ተጋድሞ የሚያነበው ተረት በቃል የበለጸገ ነው። የተማሩ ወላጆች ስላሉት ብቻ ልጅ የቃል ሀብታም ይሆናል ለሚለው ሰው ይህ ሠንጠረዥ ጥሩ መልስ ነው።

ሠንጠረዡ ላይ ሌላ ቁጥር ልጨምር። እዚያው 1988 የአምስተኛ ክፍል አሜሪካውያን ልጆች ከትምህርት ቤት ውጭ ምን ያህል መጽሐፍ እንደሚያነብቡ ተመዝግቦ ነበር። መሐል ላይ ያለው ልጅ በቀን አምስት ደቂቃ አይሞላም፤ ዓመቱን ሲደምሩት 282,000 ቃል ያህል ዓይኑ ሥር ያልፋል። ከመቶ ልጆች ዘጠናውን የሚበልጠው በቀን 21 ደቂቃ ያነባል፤ 1.8 ሚሊዮን ቃል። ከታች አሥረኛው ላይ ያለው ደግሞ በዓመት 8,000። ሁለተኛው በሁለት ቀን የሚያነበውን ሦስተኛው ዓመቱን ሙሉ አያነበውም።

ታዲያ ማንበብ ቃል ያስይዛል? እነ ዊሊያም ናጂ ይህን ለመመለስ ብለው ልጆችን ተራ ጽሑፍ አስነበቡና በኋላ ስለ እንግዳዎቹ ቃላት ጠየቋቸው። ያገኙት ቁጥር ተስፋ የሚያስቆርጥ ነው፤ አንድን የማያውቁትን ቃል አንድ ጊዜ አንብቦ የመያዝ ዕድል ከሃያ አንድ ያህል። አስተማሪ ቢሆን ከሥራው የሚባረርበት ውጤት ነው። ግን ሒሳቡን ደግመው ይሥሩት። በዓመት አንድ ሚሊዮን ቃል የሚያነብ ልጅ፣ ከመቶው ሁለቱ እንግዳ ቢሆኑበት፣ 20,000 ጊዜ ከእንግዳ ቃል ጋር ይገናኛል። ከሃያው አንዱ ቢቀርለት 1,000 ቃል። ማንም ሳያስጠናው፣ ማንም ሳይፈትነው፣ የሚያነበው ታሪክ ምን ላይ ይደርሳል እያለ ሲጓጓ።

የቀሩት አሥራ ዘጠኙም ባዶ እጃቸውን አልሄዱም። ኤድጋር ዴል የተባለ የትምህርት ሊቅ በ1965 ቃል ማወቅን በአራት ደረጃ ከፍሎት ነበር፤ አይቼው አላውቅም፣ ሰምቼዋለሁ ግን ምን እንደሆነ አላውቅም፣ በአገባቡ እለየዋለሁ፣ አውቀዋለሁ። ቃል ልክ እንደ ሰፈር ሰው ነው። መጀመሪያ ታክሲ ሰልፍ ላይ ታየዋለህ። ቀጥሎ ራስ በመነቅነቅ ሰላም ትላለህ። ስሙን የምታውቀው ከዓመት በኋላ ለቅሶ ቤት ሊሆን ይችላል። በእንግሊዝኛ አፉን የፈታ ሰው ከሚያውቃቸው 42,000 ውስጥ ብዙዎቹ ገና ራስ መነቅነቅ ላይ ናቸው።

ይህን ሁሉ በአንድ ልብ ወለድ የፈተኑ ሰዎች አሉ። አንቶኒ በርጀስ በ1962 ባሳተመው "ኤ ክሎክወርክ ኦሬንጅ" ውስጥ ባለታሪኮቹ ወሮበላ ጎረምሶች ናድሳት የሚባል የራሳቸው የአራዳ ቋንቋ አላቸው። አብዛኛው ከሩሲያኛ የተወሰደ ነው፤ ጓደኛ "ድሩግ" ይባላል፣ ወተት "ሞሎኮ"። 240 ያህል እንዲህ ያለ ቃል በመጽሐፉ ተዘርቷል፤ እያንዳንዱም በአማካይ 15 ጊዜ ይመላለሳል። በ1978 ሳራጊ፣ ኔሽንና ማይስተር የተባሉ ተመራማሪዎች በእንግሊዝኛ አፋቸውን ለፈቱ አዋቂዎች መጽሐፉን፣ መፍቻ የሌለበትን እትም፣ ሰጡና "አንብቡት፤ ስለ ታሪኩ እንጠይቃችኋለን" አሏቸው። አንብበው በጨረሱ በጥቂት ቀናት ውስጥ የመጣላቸው ፈተና ግን ስለ ታሪኩ ሳይሆን ስለ 90 የናድሳት ቃላት ነበር። ምርጫ ነው። በአማካይ 76 ከመቶ አገኙ።

ሳይሸመድዱ ነው እንግዲህ። ስለ ቃላቱ እንደሚጠየቁ እንኳ አያውቁም ነበር። እኔ ይህን ካነበብኩ በኋላ ወደዚያ ዲክሽነሪያችን ሐሳቤ ተመለሰ፤ በሌሊት ካጠናናቸው ሃያ ቃላት ከሳምንት በኋላ ስንቱ ይቀር ነበር? አምስት ከቀረ ዕድለኞች ነበርን። እዚህ ላይ ግን ለራሳችንም ልፍረድ። አንባቢዎቹ የተቀረውን ገጽ በሙሉ ያውቁታል። "ሞሎኮ"ን የከበቡት ቃላት መጠጣት፣ ብርጭቆ፣ ነጭ ሆነው ብርሃን ያበሩለታል። ለእኛ ለዘጠነኛ ክፍል ልጆች ከአሥር ቃል ሦስቱ ጨለማ ነበር፤ ጨለማ ለጨለማ አያበራም። ስለዚህ "እንደ ባለቋንቋዎቹ ዝም ብላችሁ አንብቡ" የሚለው ምክር ለጀማሪ ግማሹ እውነት ነው።

ዲክሽነሪውስ? ጆርጅ ሚለርና ፓትሪሺያ ጊልዲ በ1987 ባሳተሙት ጽሑፍ የአሜሪካ የአምስተኛና የስድስተኛ ክፍል ልጆች ከመዝገበ ቃላት ትርጉም ተነሥተው የሠሯቸውን ዓረፍተ ነገሮች ሰብስበው ነበር። ሳቅ ያስጨርሳሉ። አንዱ ልጅ "ኢሮድ" የሚለውን ቃል ፈለገ፤ ሸረሸረ ማለት ነው። መዝገበ ቃላቱ "ኢት አውት" ይላል። በእንግሊዝኛ ይህ በልቶ መጨረስ ማለት ሊሆን ይችላል፤ ልጁ የሚያውቀው ግን ምግብ ቤት ሄዶ መብላት የሚለውን ነው። ስለዚህ "ቤተሰባችን ብዙ ጊዜ ይሸረሽራል" ብሎ ጻፈ። ሌላዋ ልጅ ማነቃቃት ማለት የሆነውን "ስቲሚዩሌት" ስትፈልግ "ማማሰል" የሚመስል ፍቺ አገኘችና አንዲትን ወይዘሮ ሾርባ አስነቃቃቻት።

ልጆቹ ደደብ አልነበሩም። የእኛንም ብንወስድ ያው ነው። "ሸረሸረ፦ በላ" ብሎ ያነበበ አማርኛ ተማሪ "ዛሬ ምሳ ሽሮ ሸረሸርኩ" ቢል ማን ይፈርድበታል? ጎርፍ አፈር ይበላል፣ ዝገት ብረት ይበላል፣ ሰው እንጀራ ይበላል እንላለን እኮ። ፍቺው ትክክል ነው፤ የጎደለው ቃሉ ከማን ጋር እንደሚውል ነው። ሚለርና ጊልዲ ያሳዩት አንድ ነገር ይህ ነው፤ መዝገበ ቃላት ቃሉን ለሚያውቀው ማረጋገጫ ነው፤ ለማያውቀው ግን ብዙ ጊዜ ወጥመድ።

አገባብን ተማምኖ መገመትም ወጥመድ አለው፤ ይሄኛው ደግሞ ባለቋንቋውን ነው የሚይዘው። "ኖንፕለስድ" የሚለው ቃል ግራ የተጋባ፣ የሚይዘው የሚጨብጠው የጠፋው ማለት ነው። ብዙ አሜሪካውያን ግን ምንም ያልመሰለው፣ ያልደነቀው ብለው ይጠቀሙበታል፤ ማለትም ተቃራኒውን። እንዴት እንደሆነ ለመገመት አይከብድም። አንድ ባለታሪክ ዱብ ዕዳ ሲወርድበት ዝም ብሎ ቆመ፤ "ኖንፕለስድ" ነበር ይላል መጽሐፉ። ደንግጦ ነው ዝም ያለው ወይስ ንቆ? አንባቢው መረጠ፤ ገጹን ገለጠ፤ ማንም አላረመውም። በቂ ሰው እንዲህ ሲመርጥ መዝገበ ቃላቱ ራሱ ሁለቱንም መጻፍ ይጀምራል፤ ጀምሯልም።

በዓይን ብቻ የተማሩት ቃል ሌላ ጣጣ አለው። "ሚስሌድ" ማለት የተሳሳተ፣ የተታለለ ማለት ነው። ብዙ አንባቢ እንግሊዛውያን ግን በልጅነታቸው ፊደሉን አይተው "ማይዝልድ" ብለው ለዓመታት በልባቸው ሲያነብቡት ኖረዋል። "ሚስሌድ" ሲባል ይሰማሉ፣ "ማይዝልድ"ን ያነብባሉ፤ ሁለቱ አንድ መሆናቸውን የሚያውቁት አንድ ቀን ጮክ ብለው ሲያነብቡና ሰው ሲስቅ ነው። በጆሮ ብቻ የተማረው ደግሞ በተቃራኒው ይወድቃል። የኦክ ዛፍ ፍሬ "ኤይኮርን" ይባላል፤ አንዲት ሴት "ኤግ ኮርን"፣ የዕንቁላል እህል እንደማለት፣ ብላ መጻፏ በ2003 በቋንቋ ሊቃውንት ዘንድ ተነሣና ጄፍሪ ፑለም እንዲህ ያለውን ስሕተት ሁሉ "ኤግኮርን" እንበለው አለ፤ ስሙ ጸደቀ። ፍሬው ዕንቁላል ይመስላል፤ ስሕተቱ ትርጉም አለው። በእኛ ፊደል የተጻፈው እንዳለ ስለሚነበብ ከዚህ ጣጣ አብዛኛው አይነካንም፤ መጥበቅና መላላቱን የማይጽፍ መሆኑ ብቻ ነው የሚያስቸግረን። "አለ" ተብሎ ተጽፎ "ተናገረ" ይሁን "ይገኛል" ለማወቅ ዓረፍተ ነገሩን እስኪያልቅ ማንበብ ነው።

አንድ ነገር ላይ ግን የአማርኛ ልጅ ዕድለኛ ነው። መጽሐፍ፣ ጸሐፊ፣ ጽሑፍ፣ ጽሕፈት፤ አንዱን የያዘ የሌሎቹን ጅራት ይዟል። "ቤተ መጻሕፍት" ሰምቶ የማያውቅ ልጅ እንኳ ቤቱንም መጽሐፉንም ያያቸዋል። የእንግሊዙ ልጅ መጽሐፍን "ቡክ" ይላል፤ የሚቀመጥበትን ግን "ላይብረሪ"፣ ከላቲን የመጣ፣ ፊቱ ከቡክ ጋር የማይመሳሰል። ጥርስ "ቱዝ"፣ ሐኪሙ "ዴንቲስት"። ላሚቱ "ካው"፣ ሥጋዋ "ቢፍ"፤ ይህኛው በ1066 ኖርማኖች እንግሊዝን ከያዙ በኋላ ፈረንሳይኛ የጌቶች ቋንቋ የሆነበት ዘመን ትሩፋት ነው። እንግሊዝኛ ከታች ጀርመናዊ፣ ከላይ ፈረንሳይኛና ላቲን፣ ከሁሉ በላይ ግሪክ የተደራረበበት ፎቅ ነው፤ ልጁ የተወለደው ምድር ቤት ነው። ወደ ላይ የሚወጣበት ደረጃ ቁርጥራጭ ነው፦ "ቴሌ" ማለት ሩቅ፣ "ግራፍ" ማለት ጽሕፈት፣ "ባዮ" ማለት ሕይወት። ቁርጥራጮቹን ያስተዋለ ልጅ "ባዮግራፊ"ን ሳይጠይቅ ይገባል። ለእኛ ግእዝ የሚሠራልንን ሥራ ለእነሱ ላቲንና ግሪክ ይሠራሉ፤ ልዩነቱ ግእዝ ዘመዳችን መሆኑ ነው።

እስካሁን የባለቋንቋዎቹን ሽምደዳ ሸሸሁት፤ የለም ግን አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ትልቅ ንግድም ነበር። ሪደርስ ዳይጀስት መጽሔት ከ1945 ጀምሮ በየወሩ የቃላት ፈተና ያወጣ ነበር፤ አንባቢው ራሱን ይፈትናል፣ ነጥቡን ይቆጥራል፣ ለባለቤቱ ይፎክራል። የኮሌጅ መግቢያው ኤስኤቲ ደግሞ ትውልድ ሙሉ ጎረምሶችን በትናንሽ ካርዶች አስሮ አኑሯል፤ በአንዱ ወገን ቃል፣ በሌላው ፍቺ። ፈተናው የቃል ተቃራኒ መጠየቁን በ1994 ተወ፤ የቃል ዝምድና ጥያቄውን በ2005፤ ባዶ ቦታ መሙላቱን በ2016። ሲጠቃለል ተማሪዎቹ ለፈተናው የያዟቸውን ቃላት ከፈተናው በኋላ የትም አያገኟቸውም የሚል ቅሬታ ነበረ። አድራሻ የሌላቸው ቃላት ነበሩና። ከ1925 ጀምሮ የሚካሄደው ብሔራዊ የፊደላት ውድድር እንኳ በ2013 ተወዳዳሪዎቹን ስለ ትርጉም መጠየቅ ጀመረ፤ እስከዚያ ድረስ ቃሉን ሳያውቁ ፊደሉን በትክክል መዘርዘር ይበቃ ነበር።

ይህን ስል ካርድ አይረባም ማለቴ አይደለም። ካርድ ትውውቅ ያስጀምራል። ዶክተር የሚሆን ልጅ የአጥንቶችን ስም በልብ ወለድ አይማርም። የእኔ ቅሬታ ትውውቁን ጋብቻ ብለው ለሚሸጡት ነው።

ዐዋቂ ሰው ቃል ሲማር በዓይን ማየት ያስቸግራል፤ በሁለት ሦስት ቀን አንዴ የሚሆን ነገር ማን ይጠብቀዋል? አንድ ጊዜ ግን አንድ አገር በሙሉ አንድ ቃል በአንድ ሳምንት ሲማር ታይቷል። መጋቢት 20 ቀን 2020 የዚያን ጊዜው የብሪታኒያ የገንዘብ ሚኒስትር ሪሺ ሱናክ በኮሮና ምክንያት ሥራ ለቆመባቸው ሠራተኞች መንግሥት የደመወዛቸውን 80 ከመቶ፣ በወር እስከ 2,500 ፓውንድ፣ እንደሚከፍል አስታወቀ። የፕሮግራሙ መደበኛ ስም ረጅም ነበር፤ ሕዝቡ የያዘው "ፈርሎ" የሚለውን ነው። ከደች የመጣ፣ የወታደር ፈቃድ ማለት የነበረ፣ አሜሪካ ውስጥ የመንግሥት ሠራተኞች ያለ ደመወዝ ቤታቸው ሲላኩ የሚሰማ ቃል። ለብዙ እንግሊዛዊ እንግዳ ቃል ነበር። በሚያዝያ ግን ግስ ሆኖ ተረብቷል፤ "ተፈርሏል"፣ "ፈርለውኛል" ይባባሉ ነበር የሱቅ ሠራተኛው፣ ጸጉር አስተካካዩ፣ አውሮፕላን አብራሪው። እስከ መስከረም 2021 ድረስ 11.7 ሚሊዮን ሥራዎች በዚያ ቃል ሥር አልፈዋል። ዲክሽነሪ የከፈተ ምን ያህል ነው? ቃሉ የመጣው ከደብዳቤ ጋር ነው፤ ከደመወዝ፣ ከጎረቤት፣ ከፍርሃት ጋር።

ቃሉ ጭንቅላት ውስጥ ገብቶ የሚሆነውን ከሚያሳዩት ጥናቶች ግን ከሁሉ በላይ የወደድኩት ኒኮላ ዱሜና ጋሬዝ ጋስክል በ2007 ያሳተሙት ሙከራ ነው። እንደ "ካቴድሩክ" ያሉ የፈጠራ ቃላት ሠሩ። ምንም ማለት አይደለም፤ "ካቴድራል" ከሚለው ቃል ጋር ግን መጨረሻው ላይ እስኪደርስ ድረስ ይመሳሰላል። ሐሳባቸው እንዲህ ነው፦ ሰው "ካቴድ…" ሲሰማ ጭንቅላቱ ቃሉ ሳያልቅ ይገምታል። የሚያውቀው አንድ ብቻ ከሆነ ግምቱ ፈጣን ነው። "ካቴድሩክ" እውነተኛ ቃል ሆኖ ከተቀመጠ ግን ሁለት ባለቤት ይኖራል፤ "ካቴድራል"ን ለመለየት ጥቂት ይዘገያል፤ ከሰከንድ እጅግ ያነሰ ነገር ቢሆንም ይለካል።

አንዱን ቡድን ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ፣ ሌላውን ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ቃላቱን አስተማሯቸው። ወዲያው ሲጠየቁ ሁለቱም ቡድን አዲሶቹን ቃላት ያስታውሳሉ፤ "ካቴድራል" ላይ ግን ማንም አልዘገየም። ካቴድሩክ እንግዳ ነው፤ ገና በር ላይ ቆሟል። ከአሥራ ሁለት ሰዓት በኋላ መልሰው ጠሯቸው። የማታዎቹ ተኝተው ነው የመጡት፤ ዘገዩ። የጠዋቶቹ ቀኑን ሙሉ ሲሯሯጡ ውለው ነው የመጡት፤ አልዘገዩም። ወደየቤታቸው ተሰናበቱ። በማግስቱ ጠዋት፣ ሌሊቱን ተኝተው ሲመለሱ፣ እነሱም "ካቴድራል" ላይ ተደናቀፉ።